የግንበኛው ሐምሌ

ሐምሌ ሲገባ በፍኖተ ሰላም ግንብ አይነሣም። ከቀትር በኋላ የሚወርደው ዝናብ ሲሚንቶው ሳይጠብቅ ያጥበዋል። የተለሰነ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም፤ አሸዋ የጫነ መኪናም ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሠፈር ሲዞር ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ከጥቅምት ጀምሮ መወጣጫ እንጨት ላይ የከረሙት ግንበኞች፣ ለሳኞች፣ ቆርቆሮ መቺዎችና ቀለም ቀቢዎች መሣሪያቸውን ጠቅልለው ይቀመጣሉ። ገጠር መሬት ያላቸው ወደ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ ቋሪት ወይም ወደ ወንበርማ ለአረም ይመለሳሉ። መሬት የሌላቸው በቋጠሩት ይኖራሉ፤ ያልቋጠሩ ይበደራሉ።

ግብር የሚጠየቀው በዚሁ ወር ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዩ በሦስት ደረጃ ተከፍሎ ነበር፤ ትልቁ «ሀ»፣ መካከለኛው «ለ»፣ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነው ደግሞ «ሐ» ይባላል። ትልቁ ነጋዴ ሒሳቡን ዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 እንዲያስታውቅ አራት ወር ሲሰጠው፣ ትንሹ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ከፍሎ እንዲጨርስ ይጠበቅበት ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ትንሹ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስለሌለበት የሚዘጋው ሒሳብ የለውም፣ ስለዚህ ጊዜ አያስፈልገውም ተብሎ ነው። ለሱቅ ባለቤት ይህ ያስኬድ ይሆናል። ሱቅ ክረምት ከበጋ ይሸጣል። ገቢው በበጋ ስምንት ወር ውስጥ ተሰብስቦ ለሚያልቅ ሙያተኛ ግን የዓመቱን ግብር ባዶ እጁን በሆነበት ወር በአንድ ጊዜ መክፈል ማለት ነው።

እነዚህ ሙያተኞች እነማን ናቸው? በመንገድ ቋንቋ «ኮንትራት የሚይዙ» ይባላሉ። ባለቤቱ ብሎኬቱን፣ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውንና ፌሮውን ያቀርባል፤ እነሱ ደግሞ «የእጅ ዋጋ» ተነጋግረው ሥራውን በቁርጥ ይወስዳሉ። ግንበኛ አለ፣ አናጺ አለ፣ ፌራዮ አለ፣ ቧንቧ የሚዘረጋ፣ መብራት የሚያስገባ አለ። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲባል የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን በባጃጅ ወይም በጋሪ አስጭኖ ከጎተራ ጎተራ የሚዞረው፣ በትራክተር የሰው ማሳ የሚያርሰውና የወፍጮ ሞተር የሚጠግነውም ከእነሱ ይቆጠራሉ። ቡሬ ላይ የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቁ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በተገነቡባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ እጅ እጅግ ተፈልጎ ነበር። ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. ተመረቁ። ግንባታው ሲያልቅ ሙያው በከተማው ቀረ፤ ዛሬ በበርበሬና በበቆሎ ገንዘብ የሚሠሩትን የገበሬ ቤቶች የሚያቆመው ይኸው እጅ ነው።

ሕጉ እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። አዋጅ 979/2008 ተቀጣሪን ሲተረጉም በሌላ ሰው መሪነትና ቁጥጥር የሚሠራ ነው ይልና፣ ራሱን ችሎ በውል የሚሠራውን ተቋራጭ ከዚህ ትርጉም ያወጣዋል። መዘዙ ቀላል አይደለም። ተቀጣሪ ከሆነ ግብሩን አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ያስገባለታል፣ እሱ ምንም አይጽፍም። ተቋራጭ ከሆነ ግን ነጋዴ ነው። ንግድ ፈቃድ ያወጣል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይይዛል፣ ገቢውን ያስታውቃል፣ ፈቃዱን ለማደስ ክሊራንስ ያስፈልገዋል። ጠዋት ማንኪያና ቱንቢ ይዞ የሚወጣ ሰው በሕግ ፊት ከጅምላ አከፋፋይ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ችግሩ የሚጀምረው «ገቢ» የሚለው ቃል ላይ ነው።

አንድ ግንበኛ የአንድ ቤት የእጅ ዋጋ በ120,000 ብር ያዘ እንበል። ብቻውን አይሠራውም። ሁለት ግንበኛ ይጨምራል፣ አራት ረዳት ይይዛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእነሱ ይከፍላል፣ መወጣጫ ይከራያል፣ ውኃ ያስቀዳል። ቤቱ ሲያልቅ በእጁ የቀረው 35,000 ብር ነው እንበል። በዓመት ስድስት እንዲህ ያለ ሥራ ቢያገኝ በእጁ ያለፈው 720,000 ብር፣ ለቤቱ የቀረው 210,000 ብር ይሆናል። በአሮጌው አከፋፈል ደረጃው የሚወሰነው በ720,000ው ስለነበር ከ«ሐ» ወጥቶ «ለ» ውስጥ ይገባ ነበር፤ መዝገብ ያዝ ይባል ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ሦስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዶ ዓመታዊ ገቢው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ሁሉ «ለ» አደረገው፤ ይህ ሰው ግብር የሚከፍለውም በጠቅላላ ገቢው ላይ ነው። መዝገብ የመያዝ ሸክም መቅለሉ መልካም ነው። ሆኖም ከጠቅላላው ላይ በየመቶው 3 ብር ብቻ ቢጠየቅ እንኳ 21,600 ብር ነው፤ ይህ ለቤቱ ከቀረው 210,000 ብር ከአሥር እጅ አንዱን ያልፋል። ረዳት ሳይዝ ብቻውን 210,000 ብር ያገኘ ቀለም ቀቢ በዚያው ስሌት 6,300 ብር ይከፍላል። ለቤታቸው እኩል ያገኙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ስድስት ሰው እንጀራ ስላበላ ብቻ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከፍላል ማለት ነው።

ሕግ አውጪው ይህን ልዩነት ቀድሞ ያየበት ጊዜ ነበር። የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ ቁጥር 308/1995 በአገልግሎት ላይ 10 በመቶ ሲጥል የሥራ ተቋራጭን፣ የእህል ወፍጮን፣ የትራክተርንና የኮምባይነርን ግን ለይቶ 2 በመቶ ላይ አስቀመጣቸው። በእነዚህ ሰዎች እጅ የሚያልፈው ብር አብዛኛው የእነሱ እንዳልሆነ የገባው ሰው የጻፈው ሕግ ይመስላል። ያ ማስተዋል ወደ ገቢ ግብሩ ስሌት መሻገር ይገባዋል።

መዝገብ የሌለው ሰው ገቢ የሚተመነው በግምት ነው፤ ስለ ግምት ደግሞ በጎጃም ምድር ሲጻፍ 1960 ዓ.ም.ን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። በኅዳር ወር የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን አስቀርቶ ገበሬው በምርቱ ልክ እንዲከፍል ያዘዘ ነበር፤ በወረቀት ላይ ሲነበብ ከአሥራቱ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ምርቱ በግምት ሊተመን፣ ግምቱን የሚያደርገውም ገበሬው የማያምነው ባለሥልጣን ሊሆን ነበር። ገበሬውም ግምቱ የርስት መሬቱን መለኪያ፣ መለኪያውም የመንጠቂያ መንገድ ነው ብሎ ጠረጠረ። ሞጣና ቢቸና፣ ዳሞትም ጭምር ተነሡ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ሌላ ተሾመ፣ ግብሩም በክፍለ ሀገሩ ሳይሰበሰብ ቀረ። ሰዎች ይህን ታሪክ «ጎጃሜ ግብር አይወድም» ለማለት ይጠቅሱታል። አጠቃቀሱ ስህተት ነው። የጎጃም ገበሬ የመሬት ግብር ሲከፍል የኖረ ነው፤ የከፈለበትን ካርኒም ከልጅ ልጅ አስተላልፎ በሣጥን ያኖራል፣ መሬቱ የእሱ ስለመሆኑ ምስክሩ እሷ ነበረችና። ያመፀው በግብሩ ላይ ሳይሆን ማን እንደገመተውና እንዴት እንደገመተው ሊያውቅ በማይችለው ቁጥር ላይ ነው።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ «የቀን ገቢ ግምት» በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች አነስተኛ ነጋዴዎችን አስቆጣ፤ ሱቆች ተዘጉ፣ ቅሬታ ጎረፈ። ገማቾች በየሱቁ ገብተው ቀን ስንት ትሸጣለህ ብለው የጻፉት ቁጥር በሥራ ቀናት ተባዝቶ ዓመታዊ ገቢ ሆኖ ነበር። ይህ ዘዴ ወደ ኮንትራት ሠራተኛ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ሱቅ ቢያንስ በየቀኑ ይከፈታል። የግንበኛ ቀን ግን ከቀን አይገናኝም፤ ሲሚንቶ ከጠፋ ሥራ ይቆማል፣ ባለቤቱ ገንዘብ ካጠረው ቤቱ ከመስኮት በላይ ሳይሄድ ይከርማል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ሲጨመርበት፣ መንገድ የሚዘጋበትና ሲሚንቶ ከነጭራሹ የማይገባበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ዓመት የበጋውን ደህና ሳምንት ወስዶ በ52 ማባዛት ግምት ሊባል አይገባውም፤ ያልተሠራን ሥራ ማስከፈል ነው።

የግምት ሥር ግን ወረቀት ማጣት ነው፤ ወረቀቱ የሚጠፋውም ሐምሌ ላይ ሳይሆን ጥቅምት ላይ ነው፣ ሥራው ሲጀመር። ባለቤቱና ግንበኛው ቡና እየጠጡ ዋጋ ይቆርጣሉ፣ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ሽማግሌ ያለበት ከሆነ በአንዲት ቅጠል ወረቀት ላይ ይፈረማል፣ ካልሆነ በቃል ይቀራል። ረዳቶች ቅዳሜ ማታ በእጅ ይከፈላቸዋል። ድንጋይ ከገጠር የሚያመጣው ገበሬ ደረሰኝ የለውም፣ ሊኖረውም አይጠበቅም። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ይበተናል። ሐምሌ ላይ የግብር ሠራተኛው «ስንት ሠራህ?» ሲል በግንበኛው እጅ ያለው ማስረጃ ትዝታው ብቻ ነው።

ትዝታ ደግሞ አሁን ተፎካካሪ አግኝቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረና የሞባይል ባንክ እስከ ገጠር ቀበሌ ከዘለቀ ወዲህ የእጅ ዋጋ በስልክ መላክ ተለምዷል። ውጭ አገር ያለ ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ ለእናቱ ቤት ሲያሠራ ገንዘቡን በቀጥታ ለግንበኛው ሒሳብ ይልካል፤ የብሎኬቱም፣ የቆርቆሮውም፣ የእጅ ዋጋውም ተደባልቆ። የባንክ ሒሳቡ መግለጫ የገባውን ያሳያል፣ ለማን እንደወጣ ግን አይናገርም። ስለዚህ የሰው የቆርቆሮ ዋጋ የግንበኛው ገቢ ሊመስል ይችላል። ቀላሉ መከላከያ ለዕቃ የሚላክ ገንዘብ በቀጥታ ለዕቃ ሻጩ እንዲላክ መስማማት ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር አያሳፍርም፤ ባለቤቱንም ይጠቅመዋል፣ ደረሰኙ በስሙ ይወጣለታልና።

ስለ ቅድሚያ ግብር ተቀናሽ ብዙ ሙያተኛ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ሥራ ሲሰጥ ከክፍያው ላይ ቀንሶ ለግብር ያስገባል። ለዓመታት 2 በመቶ ነበር፤ በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። ሥራ የሠራው ሰው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ግን አዋጅ 979/2008 ያስቀመጠው ተቀናሽ 30 በመቶ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ክፍሎችን በ40,000 ብር የቀባ ሰው ቁጥር ካለው 1,200 ብር፣ ከሌለው 12,000 ብር ይቀነስበታል። ልዩነቱ 10,800 ብር ነው፤ ቁጥሩን ለማውጣት ደግሞ አሻራና መታወቂያ ይዞ አንድ ቀን መዋል ይበቃ ነበር።

ያልታወቀው ግማሽ ይህ ነው፤ የተቀነሰው ብር አልጠፋም፣ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው ግብር ላይ የሚታሰብ ነው። ለዚህ ግን ቀናሹ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ደረሰኝ ያስፈልጋል። ሙያተኛው የቀረውን ብር ተቀብሎ ደረሰኙን ሳይጠይቅ ከወጣ፣ ሐምሌ ላይ ያንኑ ብር ሁለተኛ ይከፍላል። ያቺ ቁራጭ ወረቀት እንደ አያቱ የመሬት ካርኒ በሣጥን መቀመጥ የሚገባት ናት። የቀናሹ ገንዘብ ያዥም ደረሰኙን ሳይጠየቅ አዘጋጅቶ ከብሩ ጋር መስጠት አለበት፤ ሙያተኛው ደጅ ሲጠና መዋል የለበትም።

እንግሊዝ አገር በግንባታ ሥራ ላይ ያለው አሠራር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ዋናው ተቋራጭ በሥሩ ለሚሠራው ሙያተኛ ሲከፍል፣ ሙያተኛው የተመዘገበ ከሆነ 20 በመቶ፣ ካልተመዘገበ 30 በመቶ ቀንሶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስገባል። መጣኙ ከእኛው ይከብዳል። ሆኖም ከዚያ አሠራር መወሰድ ያለበት ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛ ተቀናሹ የሚሰላው ከእጅ ዋጋው ላይ ነው፣ የዕቃ ወጪ ተለይቶ ይወጣል። ሁለተኛም ግብሩ የሚሰበሰበው ሥራው በሚሠራበት ጊዜ፣ ገንዘቡ በእጅ እያለ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ የሚቀረው ማስተካከል ብቻ ነው፤ የተረፈው ይመለሳል፣ የጎደለው ይከፈላል።

በምዕራብ ጎጃም ግን ትልቁ አሠሪ ድርጅት አይደለም፣ ግለሰብ ነው። በቡሬ ዳር ቤት የሚሠራ የበርበሬ ነጋዴ ወይም ከተማ ላይ ቤት የሚያቆም የወንበርማ ገበሬ ከግንበኛው ክፍያ ግብር ቀንሶ የማስገባት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ በሥራው ወቅት ግብር ሳይነካው ያለፈ ብር ሁሉ ሐምሌን ይጠብቃል። መፍትሔው ባለቤቱን ቀናሽ ማድረግ አይደለም፤ ያ የማይሆን ነገር ነው። መፍትሔው ሙያተኛው ራሱ በየሥራው መጨረሻ ጥቂት በጥቂት የሚከፍልበት በር መክፈት ነው። ግብር በባንክና በስልክ መክፈል በተቻለበት ዘመን፣ ታኅሣሥ ላይ ቤት ያስረከበ ግንበኛ የዚያን ሥራ ድርሻ በዚያው ሳምንት ከፍሎ ደረሰኙን እንዲይዝ መፍቀድ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤትም ይጠቅመዋል። ዕቁብ የሚጥል ሰው በየሳምንቱ መክፈል አዲስ ነገር አይሆንበትም። አንድ ጊዜ ብዙ ብር አውጣ ሲባል ነው የሚሰወረው።

ይህ ሁሉ የክልሉ ጉዳይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ ከሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች ግብር የመሰብሰብን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል፤ የክልሎች ሕግም አብዛኛውን ጊዜ በፌዴራሉ አምሳል ይቀረጻል። ስለዚህ የፍኖተ ሰላሙ ግንበኛ የሚከፍለው ብር የሚገባው ለአማራ ክልል ነው፤ አከፋፈሉን ከበጋው ሥራ ጋር ማስማማትም በዋናነት በባሕር ዳር የሚወሰን ነው። የዞኑ የገቢዎች መምሪያ ሠራተኞች ደግሞ የክረምቱንና የበጋውን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ብዙዎቹ የራሳቸውን ቤት ያሠሩት በእነዚሁ ሙያተኞች ነው።

ሦስት ነገር ቢሠራ ብዙ ይቀላል። አንደኛው፣ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚይዝ ሙያተኛ ለረዳቶቹ የከፈለውን ገንዘብ በስም፣ በቀንና በፊርማ ከያዘ፣ ያ የመክፈያ ወረቀት ከጠቅላላ ገቢው እንዲቀነስለት በግልጽ መፈቀድ አለበት። ረዳቱ መፈረም የማያውቅ ከሆነ የጣት አሻራው ይበቃል። ይህ ረዳቱንም ይጠቅመዋል፤ ቅዳሜ ሳይከፈለው ቢቀር የሚያሳየው ይኖረዋልና። ሁለተኛው፣ የገቢዎች ሠራተኞች ሰኔ ላይ የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያ ከሚያዞሩ ይልቅ ጥቅምት ላይ ግንበኞች ሥራ በሚጠብቁበት አደባባይ ተገኝተው የመለያ ቁጥር ቢሰጡና የውል አጻጻፍ ቢያሳዩ ይሻላል። ሦስተኛው፣ ግምት የግድ ሲሆን ገማቹ ቁጥሩን ያገኘበትን መንገድ፣ ስንት የሥራ ቀን እንደቆጠረ ጭምር፣ ጽፎ ለግብር ከፋዩ ይስጥ። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ውሳኔ ለደረሰው ሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ የማቅረብ መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ስሌቱን ያላየ ሰው ምን ብሎ ይቃወማል? «በዛብኝ» ከማለት በቀር የሚለው የለውም፤ «በዛብኝ» ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

ሙያተኛውም ያለበትን ድርሻ ማንም አይወጣለትም። ግብር ላለመክፈል ፈቃድ ሳያወጣ የሚሠራ ሰው ከትልቅ ሥራ ራሱን ያስወጣል፤ የትምህርት ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የባንክ ቅርንጫፉን ሥራ ሌላው ይወስደዋል። ያለ ፈቃድ የሚሠራው ጎረቤቱ ዋጋ እየሰበረ ሥራ ሲነጥቀው ግብር የሚከፍለው ግንበኛ የሚሰማው ምሬት እውነተኛ ነው፤ ያንን ምሬት ማከም የመንግሥት ሥራ ነው፣ ሕጋዊውን ብቻ ደጋግሞ መገመት ግን ያባብሰዋል።

ዝናቡ መስከረም መጨረሻ ላይ ያቆማል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ መሬቱ ይደርቅና መሠረት ቁፋሮ ይጀመራል። ያን ጊዜ ባለቤቱና ግንበኛው ተቀምጠው ዋጋ ሲቆርጡ አንዲት ወረቀት መሐላቸው ትቀመጥ። የዕቃው ዋጋ በባለቤቱ፣ የእጅ ዋጋው ይህን ያህል፣ ከእጅ ዋጋው ውስጥ ለረዳት የሚከፈለው ይህን ያህል፣ ቅድሚያ የተሰጠው ይህን ያህል፣ ቀኑ፣ የሁለቱ ፊርማ። ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለግንበኛው ሣጥን።